አንድ ቁጥር ፍለጋ ከሮቤ እስከ ጉርድ ሾላ

ከአዲስ አበባ ከተመለስኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። የዕድራችን ሴቶች፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ፣ ዳቦ የምገዛበት ሱቅ ባለቤት ሳይቀር "እንዴት ነበር?" ይሉኛል። እኔም ለእያንዳንዱ ከመጀመሪያው ጀምሬ ሳወራ ድምፄ ተዘጋ። ስለዚህ ጻፍኩት። ቦሌንም ሲኤምሲንም አይታችሁ የማታውቁ፣ ለማየትም ሐሳቡ የሌላችሁ ሰዎች አንብቡትና አሳርፉኝ።

ለማያውቁኝ፣ የሺ እባላለሁ። ባሌ ሮቤ ውስጥ የአየር ሁኔታ ጣቢያ ሠራተኛ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የዝናብ መለኪያውን ከፍቼ ስንት ሚሊ ሜትር እንደዘነበ ስመዘግብ ኖሬያለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት አፍንጫዬ ይደማ ጀመር፤ ቀጥሎ ሳል መጣ፤ ሽንቴ የሻይ መልክ ያዘ። ሳንባ ነቀርሳ ነው ተብሎ ወራት አለፉ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ያሉ አንዲት ሐኪም ስሙን አገኙት፦ የደም ሥር ብግነት። ሰውነትን ከጀርም እንዲጠብቅ የተፈጠረው መከላከያ ተሳስቶ የገዛ ራሱን ጥቃቅን የደም ሥሮች የሚያጠቃበት በሽታ ነው። እኔ ላይ ሳንባዬን ነካካና የኩላሊቴን ግማሽ አቅም ወስዶ በመድኃኒት ተኛ። ተኛ እንጂ ሄደ አይባልም። ሐኪሟ በግልጽ ነግረውኛል፤ ካገረሸብኝ የቀረው ግማሽ ኩላሊት ሁለተኛውን ዙር ላይችለው ይችላል። ያኔ በሳምንት ሦስት ቀን ደም የሚታጠብበት ማሽን ላይ መተኛት ነው፤ እሱ ደግሞ እኛ ሰፈር የለም።

ለዚህ ነው በየስድስት ወሩ አዲስ አበባ የምወጣው። በደሜ ውስጥ አንካ የሚሉትን ነገር ይለካሉ። ሰውነት በራሱ ላይ የሚያመርተው የተሳሳተ መሣሪያ በሉት። ቁጥሩ ሲወጣ በሽታው ሊነቃ ነው ተብሎ ይጠረጠራል። ባለፈው አሥራ አራት ነበር። የዚህ ጊዜው ስንት ይሆን እያልኩ ነው እንግዲህ መንገድ የጀመርኩት።

እሑድ ገና ሳይነጋ ከሮቤ መናኸሪያ ተነሳን። የምወስደው መድኃኒት መከላከያዬን ስለሚያደክም አፍና አፍንጫዬን በማስክ ሸፍኜ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠችው የጎባ ሴት ማስኬን አየች፣ ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

"እህቴ፣ ምንሽን ነው?"

"የእኔ ወደ ሰው አይጋባም። እኔ ነኝ የሰው በሽታ የምፈራው" አልኳት።

ትንሽ አሰበች። "እንግዲያ እኔ ጉንፋን ይዞኛል" ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እስከ ዶዶላ ድረስ አንገቷን ጠምዝዛ እንደዚያው ሄደች። ለቁርስ ስትወርድ አንገቷን እያሸች ነበር፤ እኔ በሀፍረት የምገባበት ጠፋኝ።

ዲንሾ ላይ ሜዳው በውርጭ ነጥቷል። ዶዶላ ቁርስ ስንበላ ስልኬ ከጭኔ ሾልኮ ሲሚንቶው ላይ ወደቀና ስክሪኑ ድርግም አለ። የዚያን ሰዓት ያናደደኝ የማሠሪያው ዋጋ ነበር። በኋላ ግን የሳምንቱን ነገር ሁሉ ያበላሸው ይህ ስልክ ሆነ፤ ወደዚያ እንደርሳለን።

አሰላ ምሳ በልተን ወደ አዳማ ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ ጀመረ። መቼም ታውቃላችሁ፣ እኛ ሰዎች አውቶቡስ ውስጥ ብንቀቀል እንቀቀላለን እንጂ መስኮት አናስከፍትም። የጎባዋ ሴት ግን ላቤን አይታ መስኮቷን እስከ ጥጉ ከፈተችው። ከኋላ "ኧረ ንፋስ! ልትጨርሱን ነው?" የሚል ጩኸት ተነሳ። እሷም ብድግ ብላ "ታማሚ ይዣለሁ! የበረደው ጋቢውን ይልበስ!" አለቻቸው። እኔን ይዛ እንዳልመጣች እያወቁ ሁሉም ጋቢያቸውን ተከናነቡ። እስከ ቃሊቲ ድረስ ንፋስ እየበላን ገባን፤ ስሟን ሳልጠይቃት መለያየታችን እስካሁን ይቆጨኛል።

ቃሊቲ መናኸሪያ ጋሽ ሙሉጌታ ይጠብቁኝ ነበር። የባለቤቴ የደረጀ አጎት ናቸው፤ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ በዕቃ ጭነት ክፍል ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ረጅም፣ ሁልጊዜ ሸሚዛቸው የተተኮሰ ሰው።

"ወፍረሻል! አምሮብሻል!" አሉኝ ጉንጬን ስመው።

ፊቴን ያሳበጠው መድኃኒቱ መሆኑን ለመናገር አፌን ከፈትኩና ደስታቸውን አይቼ ተውኩት። በቀለበት መንገዱ በቦሌ በኩል አድርገን፣ መገናኛንና ጉርድ ሾላን አልፈን ሲኤምሲ ገባን። ሮቤን ከዳር እስከ ዳር በባጃጅ ለመጨረስ የሚበቃኝ ጊዜ እዚህ አንድ መብራት ላይ ቆሜ አለፈ።

ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አሳንሰሩ አይሠራም፤ ጋሽ ሙሉጌታ ሻንጣዬን ተሸክመው በየፎቁ "ትንሽ እንተንፍስ" እያሉ በእኔ አመካኝተው ያርፋሉ። ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች በሩ ላይ አቀፉኝና ወዲያው ወደ ጠረጴዛው ወሰዱኝ።

"ጨው እንደማትበዪ ደረጀ ነግሮኛል። አንቺ እስክትሄጂ ጨው ከዚህ ቤት ወጥቷል" አሉኝ።

"እትዬ፣ ለእኔ ብቻ ለይተው ቢያወጡልኝ ይበቃ ነበር።"

"እንግዳ ለብቻዋ ትበላለች እንዴ? ይልቅ ቅመሺው።"

ሽሮው እንደተባለው ነበር። ሁላችንም ጣፋጭ ነው እያልን በላን። እጄን ልታጠብ ስነሳ ጋሽ ሙሉጌታን ኮሪደሩ ውስጥ አገኘኋቸው፤ ከሸሚዝ ኪሳቸው የተጠቀለለች ወረቀት አውጥተው እንጀራቸው ላይ ጨው ይነሰንሳሉ። ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ለመኑኝ፤ እኔም ምስጢራቸውን እስከ ዛሬ ጠብቄላቸዋለሁ።

ሰኞ ጠዋት ልወጣ ስዘጋጅ፣ ባለፉት ሁለት ጊዜያት ደም የሰጠሁበት ላቦራቶሪ ጉርድ ሾላ እንደሆነ ነገርኳቸው። ከሕንጻ ጀርባ የሆነ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር ያለው ትንሽ ቤት ነው።

"እዚያ ጉድጓድ ውስጥ?" አሉ ጋሽ ሙሉጌታ። "ቦሌ አዲስ ተከፍቶ የለም እንዴ! የድሮ ባልደረባዬ ልጅ እዚያ ነው የምትሠራው። ደውዬላታለሁ፣ ትጠብቅሻለች።"

መልሴ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። "ጋሼ፣ እዚያው የለመድኩበት ይሻለኛል" ማለት። ልልም ነበር። ግን ደውለዋል፤ ሰው ይጠብቃል፤ መኪናውን ከማለዳ ጀምሮ አጥበዋል። ይሉኝታ ያዘኝ። "እሺ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አልኩ።

የቦሌው ላቦራቶሪ መቼም ያምራል። የመስታወት በሩ ራሱ ይከፈታል፤ ሶፋው ሲቀመጡበት ይውጣል፤ የወረፋ ቁጥር የሚጠራው ስክሪኑ ነው። እኛ ጤና ጣቢያ ወረፋ የሚጠብቅልን ድንጋይና ካርድ ነው፤ እዚህ ድንጋይ ቢያስቀምጡ ጠራጊዋ ወዲያው የምታነሳው ይመስለኛል። የባልደረባቸው ልጅ ፈገግ ብላ መጣች።

"ሳምፕል ከሰጡ በኋላ ሪዛልቱን ነገ በቴሌግራም እንልክልዎታለን። ስልክ ቁጥር?"

"ስልኬ ተሰብሯል" አልኩ።

ጋሽ ሙሉጌታ የራሳቸውን ቁጥር እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ወረዱት። ደሜን የቀዳችው ልጅ እጇ የተባረከ ነው፤ መርፌው መግባቱን ሳላውቅ ሦስት ብልቃጥ ሞላች። ብልቃጦቹን ባየኋቸው ቁጥር ይገርመኛል። አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ደም የሚቀጥለውን ዓመቴን ያውቃል ይባላል፤ እኔ ግን ውስጤ ተሸክሜው እየዞርኩ አንድም አይነግረኝም።

ማክሰኞ ውጤቱ እስኪመጣ እንድረሳው ብለው ጋሽ ሙሉጌታ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ ወሰዱኝ። ከዕቃ ጭነቱ አጥር ውጭ ዳር ይዘን ቆምን። አበባ የጫኑ መኪኖች ተሰልፈዋል። ሮቤ ላይ መኪና ተሰልፎ የማውቀው ስንዴ ለመጫን ብቻ ነው።

"ደምም ልከን እናውቃለን" አሉኝ። "በረዶ በሞላው ሣጥን። እዚህ የማይሠራ ምርመራ ሲሆን ወደ ውጭ አገር ይሄዳል። ሣጥኑ ላይ 'ፀሐይ ላይ አታስቀምጡ' ይላል። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ ሣጥኑን ሳይ የማን ይሆን እያልኩ..."

ስልካቸው ጮኸ። አወጡ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ከፍ አደረጉ፣ አነበቡ። ስልኩን ወደ ኪሳቸው መለሱት።

"የባንክ መልእክት ነው" አሉ።

"እሺ፣ የማን ይሆን እያሉ?"

"ምኑ?"

"ሣጥኑ።"

"አይ፣ እንዲያው ነው" አሉና መኪናውን አስነሱ። የጀመሩትን ወሬ ሳይጨርሱ የሚተዉ ሰው አይደሉም። ገርጂ አካባቢ ሱቅ ደጃፍ ላይ በድንገት ቆመው "ጫማ ልግዛልሽ" አሉኝ። እግሬ ላይ ደህና ጫማ ነበር። እምቢ ብል ሊያለቅሱ የደረሱ መሰሉኝ፤ ገዙልኝ። ለስላሳ ቡናማ ጫማ ነው፣ አሁንም አድርጌዋለሁ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ ዘነበች ወጥ ቤት ገብተው ቆዩ። ዓይናቸው ቀልቶ ሲወጡ "ሽንኩርቱ" አሉኝ፤ ሽንኩርት አልተከተፈም ነበር። ሁለት የሕንጻው ነዋሪ ሴቶች ሊጠይቁኝ መጡና ነጠላቸውን እንደ ለቅሶ ቤት አጣፍተው ዝም ብለው ተቀመጡ። አንዷ ስትወጣ ትከሻዬን ነካ አድርጋ "ለእሱ የሚሳነው የለም" አለችኝ። ውጤቱ መጣ ወይ ብዬ ጋሽ ሙሉጌታን ሁለት ጊዜ ጠየቅኋቸው፤ ሁለቱንም ጊዜ "ኔትወርክ ነው" አሉ።

የአየር ሁኔታ ሠራተኛ ነኝ። ሰማዩ ሲለወጥ አውቃለሁ። ግን አምላክ ይመስገን፣ ሰው ራሱን ሲያታልል ጎበዝ ነው፤ እኔም እትዬ ዘነበች ከልጆቻቸው በአንዱ ተበሳጭተው ይሆናል ብዬ ተኛሁ።

ረቡዕ አሥር ሰዓት ገደማ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ደረጀ ቆሟል። ባሌ። ሮቤ ክፍል ውስጥ ሒሳብ ማስተማር የነበረበት ባሌ፣ ጋቢዬን በክንዱ ይዞ፣ አቧራ ለብሶ።

"ምን ሆነህ መጣህ?"

"ናፍቀሽኝ" አለ።

በሃያ አራት ዓመት ትዳራችን ደረጀ ናፍቀሽኝ ብሎኝ አያውቅም። ከወለድኩበት ሆስፒታል ስመለስ እንኳን ያለኝ "መጣሽ?" ነው። ሰው የሞተ መሰለኝ፤ እናቴን፣ ወንድሜን፣ ልጃችንን በልቤ አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ከዚያ ከትከሻው በስተኋላ ኮሪደሩ ውስጥ ጋሽ ሙሉጌታን አየኋቸው። እኔን ማየት አልቻሉም። ያን ጊዜ የተረዳሁት የሞተ ሰው እንደሌለ ነው፤ የሚለቀስላት እኔ ነኝ።

"ጋሼ፣ ስልክዎን ይስጡኝ።"

"የሺ፣ መጀመሪያ ተቀመጪ..."

"ይስጡኝ!"

በሕይወቴ አጎት ላይ ጮኼ አላውቅም። ሰጡኝ። ቁጥሩ በቀይ ተጽፏል፦ ስድሳ ሁለት። ያለፈው አሥራ አራት ነበር። ማሽኑ ላይ የተኛሁ ሆኖ ተሰማኝ። ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ። ከፍርሃቱ ጋር ንዴቱ መጣ።

"ከትናንት ጀምሮ ያውቃሉ። ጎረቤት ያውቃል። ደረጀ ከሮቤ አውቆ መጥቷል። እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው። ደሙ የማን ነው?"

"አንድ ሌሊት እንኳን በሰላም እንድትተኚ ብዬ ነው" አሉ ጋሽ ሙሉጌታ። "ያለፈውን ወረቀት ከፎልደርሽ አየሁት። አሥራ አራት ስድሳ ሁለት ሲሆን በአንቺ ፊት በምን አፌ ልናገረው?"

"ለታማሚ እኮ እንዲህ በደረቁ አይነገርም" አሉ እትዬ ዘነበች።

ጋሽ ሙሉጌታ መታጠቢያ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ፤ ቧንቧ ሲከፍቱ ሰማሁ። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ በሚመጣበት ሕንጻ፣ ተራው ባልሆነ ረቡዕ፣ ባዶ ቧንቧ ከፍተው ያለቅሳሉ። ይህን ስሰማ ንዴቴ ግማሹ ሄደ።

ሌላው ግማሽ የሄደው የለመድኩትን የቁጥር ሥራዬን ስይዝ ነው። ደረጀ አጠገቤ ተቀመጠ፤ እኔ የድሮውን ወረቀትና የስልኩን ውጤት ጎን ለጎን አደረግሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ቁጥር ያነበበ ዓይን ልማድ አለው፤ ከቁጥሩ ይልቅ ከቁጥሩ አጠገብ ያለውን ጽሑፍ ያያል። በጉርድ ሾላው ወረቀት ላይ ጤናማ የሚባለው ከሃያ በታች ነው። በቦሌው ላይ ከሃምሳ በታች ነው ይላል። የመለኪያው ስምም የተለየ ነው።

ራሴን በጥፊ ልመታ ምንም አልቀረኝም። አንድ ጊዜ ጣቢያችን የሚያብረቀርቅ አዲስ የዝናብ መለኪያ ይዘው መጥተው አሮጌውን ሊነቅሉ ሲሉ ከበላዮቼ ጋር ተከራክሬ ሁለቱም ጎን ለጎን አንድ ዓመት እንዲሠሩ አስደርጌያለሁ። መለኪያ ከተለወጠ የትናንቱን ዝናብ ከዛሬው ጋር ማወዳደር አይቻልማ። ለሮቤ ዝናብ የተከራከርኩ ሴት ለገዛ ደሜ ግን ጋሽ ሙሉጌታ መኪና አጥበዋል ብዬ ዝም አልኩ። የእሳቸው ጥፋት አንድ ቀን መደበቅ ነው፤ የእኔው ይብሳል።

ቢሆንም ስድሳ ሁለት በራሱ ሚዛን እንኳን ከሃምሳ በላይ ነው። ስለዚህ ተስፋም ፍርሃትም ይዤ ተኛሁ።

ሐሙስ ሐኪሟ ዘንድ አራታችንም ሄድን። በአርባዎቹ ውስጥ ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። ሁለቱን ወረቀቶች አዩ፣ ሽንቴን እዚያው አስመረመሩ፣ የኩላሊቴን ምርመራ ከድሮው ጋር አስተያዩ።

"ሽንትዎ ውስጥ ደም የለም። ኩላሊትዎ ባለፈው ካየሁት አልተለወጠም። ሳል፣ የአፍንጫ መድማት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም?"

"የለም።"

"ለምን ሌላ ቦታ ሄዱ?"

ጋሽ ሙሉጌታ ወንበራቸው ላይ ተንቀሳቀሱ። "ተሳስቼ ነው" አልኩ እኔ።

ሐኪሟ ያስረዱኝን እንደገባኝ ልጻፈው። አንካ ጠንቋይ አይደለም። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ለዓመታት ምንም የማይሆኑ ሰዎች አሉ፤ ቁጥሩ ዝም ብሎ ተቀምጦ በሽታው የሚያገረሽባቸውም አሉ። በሽታው ኩላሊታቸውን የነካ እንደ እኔ ያሉ ሰዎች ላይ ግን ትንሽ ይበልጥ ይደመጣል፤ የሚደመጠውም በአንድ ላቦራቶሪ፣ በአንድ መለኪያ በተከታታይ ሲታይ ነው።

"ደመና እንጂ ዝናብ አይደለም ማለት ነው?" አልኳቸው።

"እሱ የእርስዎ ሙያ ነው" ብለው ሳቁ። "ደመናውን አይተን ግን ጎርፍ መጣ ብለን ቤት አንለቅም። ያለ ማስረጃ ጠንካራውን መድኃኒት ብጀምርልዎ እሱ ራሱ በኢንፌክሽን ሊጎዳዎት ይችላል።"

"ታዲያ ይመጣል ወይም አይመጣም ብሎ ቁርጡን የሚናገር የደም ምርመራ የለም?"

"እየተፈለገ ነው። ብዙ ሰው ሕይወቱን ሰጥቶ እየፈለገው ነው። ለጊዜው በእጃችን ያለው ግማሽ ግማሹን የሚያውቁ ብዙ ምስክሮች ናቸው፤ ደም፣ ሽንት፣ እርስዎ የሚሰማዎት። ሁሉንም አንድ ላይ ነው የምሰማቸው።"

ከዚያ ውሳኔያቸውን ቁልጭ አድርገው ነገሩኝ። ወደ ድሮው ላቦራቶሪ ሄጄ እንደገና እለካለሁ። ቁጥሩ ከሃያ በታች ከሆነ የምወስዳትን ትንሿን ኪኒን ሳልጨምር ሳልቀንስ እቀጥላለሁ፤ በየሳምንቱ ቤቴ ውስጥ የመመርመሪያ ወረቀት ሽንቴ ውስጥ እየነከርኩ አያለሁ፤ ከሦስት ወር በኋላ እመለሳለሁ። ከሃያ በላይ ብዙ ከዘለለ ሰኞ ሆስፒታል እተኛለሁ።

በቀጥታ ጉርድ ሾላ ሄድን። ትንሿ ቤት እንደነበረች ናት፤ አግዳሚዋ ወንበርም። የምትሠራው ሴት በድምፄ አወቀችኝ።

"እትዬ የባሌዋ! ዘንድሮ ማር የለም?"

"በሚቀጥለው" አልኳት። የባቡሩ ድምፅ ከላይ እያለፈ፣ ጋሽ ሙሉጌታ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው በጠባቡ በር ገብተው፣ ደሜ ሲቀዳ ቆመው አዩ።

"ሐሙስ ሐሙስ ነው የምንሠራው፣ ደርሰሽልኛል። ቅዳሜ ጠዋት እልካለሁ። በማን ስልክ?"

ደረጀ የራሱን ስልክ ከኪሱ አወጣ። እኔ ግን የጋሽ ሙሉጌታን ቁጥር ነገርኳት። ደረጀ አፍጥጦ አየኝ። ጋሽ ሙሉጌታም አዩኝ።

"ግን ጋሼ፣ መጀመሪያ የማየው እኔ ነኝ" አልኳቸው።

"አንቺ ነሽ" አሉ።

ዓርብ ደረጀ ፈተና ስላለበት በጠዋት ተመለሰ። ሲሄድ "እንግዲህ ናፍቆቱ ወጣልህ?" ብለው እትዬ ዘነበች አሾፉበት፤ ጆሮው ድረስ ቀላ። ከዚያ በቀር ዓርብ ላይ የሚነገር ነገር አልነበረም። ውሃ መጣ፣ በርሜል ሞላን፣ ጄሪካን ሞላን፣ ልብስ አጠብን። ሮቤም እንደዚሁ ነው፤ ፎቁን ካነሳችሁት የውሃ ቀን የትም የውሃ ቀን ነው። መጠበቅ ለሚከብደው ሰው ደህና መድኃኒት ሆኖ አገኘሁት።

ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ላይ በረንዳው ላይ ሆኜ የግል ትምህርት ቤት አውቶቡሶች የሌሉበትን ባዶ መንገድ ሳይ ጋሽ ሙሉጌታ መጡ። ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘውታል፤ ስክሪኑ ወደ እኔ የዞረ ነው። መልእክቱ ገብቷል። ሳይከፈት።

"ጮኸ። አላየሁትም" አሉ። "ማርያምን አላየሁትም።"

ተቀበልኳቸው። ከፈትኩት።

አሥራ ዘጠኝ።

ከአሥራ አራት ወደ አሥራ ዘጠኝ። ከሃያ በታች ነው፣ ስለዚህ ሆስፒታል አልተኛም። ግን ወጥቷል። በዚያው መለኪያ፣ በዚያው ቤት፣ በዚያችው ሴት እጅ ወጥቷል። ከወሰኑ አንዲት ቁጥር ነው የቀረችው። እኛ ሙያ ውስጥ እንዲህ ያለ ቁጥር መዝገብ ላይ ይጻፋል እንጂ ምን እንደሆነ አይባልም።

ቀና ስል ጋሽ ሙሉጌታ ፊቴን እያነበቡ ነው። አራት ቀን ሙሉ በደንብ አልተኙም። ዓይናቸው ሥር ጠቁሯል፤ ከንፈራቸው "እባክሽ" የሚል ይመስላል። ያኔ "ደህና ነው፣ ጋሼ፣ ንጹሕ ነው" የሚለው ቃል ራሱ መጥቶ ምላሴ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ምን ይጎዳል? ደስ ይላቸዋል፤ ይተኛሉ። ማክሰኞ ዕለት መኪናው ውስጥ ስልኩን ወደ ኪሳቸው ሲመልሱ ምን እንደተሰማቸው በዚያች ቅጽበት ገባኝ። ንቀት አልነበረም። የሚወዱትን ሰው ፊት እያዩ መጨከን አለመቻል ነው። ያዘንኩባቸውን ያህል አዘንኩላቸው።

"ጋሼ፣ ይቀመጡ" አልኳቸው። ተቀመጡ። "አሥራ ዘጠኝ ነው። ከባለፈው ወጥቷል። ግን ወሰኑን አላለፈም። አሁን አልተኛም።"

"ታዲያ ጥሩ ነው መጥፎ?"

"አላውቅም።"

"ሐኪሟስ?"

"እሳቸውም አያውቁም። ሦስት ወር ጠብቀን ነው የምናየው።"

ጋሽ ሙሉጌታ ስልኩን አዩ። ከዚያ እንባቸው ወረደ። መታጠቢያ ቤት ለመሄድ አልተነሱም፤ ፊታቸውንም አላዞሩም። እዚያው ፊት ለፊቴ ተቀምጠው አለቀሱ፤ እኔም ይህ ሕመም ከያዘኝ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት አለቀስኩ። እትዬ ዘነበች ከውስጥ "ምንድን ነው? ምን አላችሁ?" እያሉ ሮጠው ሲወጡ ጋሽ ሙሉጌታ እጃቸውን አነሱ።

"አትጩኺ" አሉ። "የሺ ትነግርሻለች።"